ካንት መጣ፣ ሂዩም ገና ነው

ፍልስፍና የሚማር ልጅ በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን እንደሚወስድ የሚያውቀው የምዝገባ ዕለት ነው። ይሄ ነገር ውስጤን አቃጥሎታል። ዛሬ ልተንፍሰው።

የደሴ ልጅ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ ክረምቱን ቤተሰብ ጋ ነኝ። ዲፓርትመንቱ ደርሶኝ ሳይሆን አንደኛ ምርጫዬ አድርጌው ነው የገባሁት። ፍሬሽማን ላይ ሁላችንም የምንወስደው የሎጂክ ኮርስ ነው የሳበኝ። እስከዛሬም እወደዋለሁ። የግቢዬን ስም አልጠራም፤ ሌላ ግቢ ያሉ ጓደኞቼም ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያወሩኝ።

ካሪኩለሙ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። መጀመሪያ የጥንት ግሪኮች፣ ከዚያ የመካከለኛው ዘመን፣ ቀጥሎ ዘመናዊው ፍልስፍና፣ ከዚያ 20ኛው ክፍለ ዘመን። ጎን ለጎን ሎጂክ፣ ኤቲክስ፣ ኤፒስቴሞሎጂ፣ ሜታፊዚክስ። ሴሚስተሩ ሲደርስ ግን ኮርስ የሚሰጠው አስተማሪ በተገኘበት ነው። አስተማሪው ለትምህርት ከሄደ ኮርሱ «ኦፈር አይደረግም» ይባላል። በቦታው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው ኮርስ ይገባል። አለቀ።

ፍልስፍና ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ፈላስፎቹ እርስ በርስ እየተመላለሱ ነው የጻፉት። አሪስቶትልን ስታነቡ መምህሩን ፕላቶን ሲሞግት ታገኙታላችሁ። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂዩም አንዱ ነገር ሌላውን ተከትሎ ሲመጣ እናያለን እንጂ መንስኤነቱን ራሱን አናየውም አለ። ከእሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ካንት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ሂዩም ነው ብሎ በራሱ ብዕር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1781 ያወጣው ትልቁ መጽሐፉ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

የእኛ ባች ካንትን የወሰደው ከሂዩም በፊት ነው። ያውም በብሎክ፣ ማለት በአጭር ጊዜ ተጨምቆ፣ እየተሯሯጥን። ጥያቄውን ሳንሰማ መልሱን ተማርን። ክላስ ውስጥ አሉ የተባሉት ልጆች እንኳ ሃንድአውት ሸምድደው ነው የተፈተኑት። በዓመቱ ሂዩም ሲመጣ አጠገቤ የነበረች ልጅ «ውይ፣ ለካ ለዚህ ነበር!» አለች። አንጀቴ አረረ። ያቺ ቅጽበት እኮ የምንማርባት ቅጽበት ነበረች። አንድ ዓመት ዘግይታ፣ ግሬዱ ከገባ በኋላ መጣች።

በምልክት የሚሠራው ሲምቦሊክ ሎጂክም እንደዚያው ነው። የቋንቋ ፍልስፍና የተነሳው ከፍሬጌና ከራስል ሎጂክ ነው። እኛ ግን ቋንቋውን ቀድመን፣ ሎጂኩን ኋላ ወሰድን።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን ማየት ነው። እዚህ አገር ትምህርት በቅደም ተከተል መሄዱ የቆየ ነገር ነው። ዋድላ ቅኔ ሊማር የወረደ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ማንም ተነስቶ ዛሬ የጉባኤ ቃናው መምህር ስለሌለ ከመወድስ ጀምሩ አይለውም። የእስልምና ትምህርት የሚማረው ደረሳም ሸሁ ፊት የሚቀመጠው ምን እንደቀራ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚቀራ አውቆ ነው። ያለ ሬጅስትራር፣ ያለ ኮምፒውተር ይሄ ሲሠራ ኖሯል።

ኢሌክቲቭ የሚባለውማ ሌላ ጉድ ነው። ምረጡ ይባላል፤ የሚከፈተው አንድ ኮርስ ብቻ ነው። እኔ ስጠብቅ የነበረው የኢትዮጵያ ፍልስፍናን ነው። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የሚባለው የግዕዝ የፍልስፍና መጽሐፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአገሬው ሰው ተጻፈ ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጻፈው? ጣሊያናዊው ተመራማሪ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የሚሲዮናዊው ሥራ ነው አለ። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ እስከዛሬ አልበረደም። ግዕዝ የሚያነብ፣ ፍልስፍናም የሚያውቅ የእኛ ተማሪ ያስፈልገዋል። ቦሩ ሜዳም እዚሁ ደሴ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የተዋሕዶና የሦስት ልደት ወገኖችን ያከራከሩበት ቦታ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ስለ ልደቱ የተደረገ ሙግት በእግር በሚደረስበት ቦታ ያለው ልጅ ይህን የሚያነብበት አንድ ኮርስ አጣ።

አስተማሪዎቹን አልወቅስም። ደመወዛቸውን እናውቃለን። አንዱ የሦስት ሰው ሎድ ተሸክሞ ነው የሚያስተምረው። የምወቅሰው ዕቅድ የሌለውን አሠራር ነው። አድቫይዘር አላችሁ ይባላል። ሥራው ግን የምዝገባ ወረቀት ላይ መፈረም ሆኗል። ይሄን ኮርስ ዘንድሮ ብተወው መቼ ይመለሳል ብላችሁ ስትጠይቁ መልስ የለም።

የሐይቅ ልጅ የሆነች ጓደኛዬ እናቷ ታመውባት ትምህርቷን ለጊዜው ለማቋረጥ ዊዝድሮው ሞላች። ስትመለስ የጎደላት ኮርስ በዚያ ሴሚስተር አይሰጥም። ለአንድ ኮርስ ብላ ቤቷ ተቀምጣ ዓመቱን ጠበቀች። ባቿ ተመርቆ ሄደ። አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ቢኖር የትኛውን ሴሚስተር ማቋረጥ እንደሚሻል ታስብ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። ፈተናው ኮርሱ ተሰጥቷችኋል ወይ፣ በቅደም ተከተል ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። የአራቱ ዓመት ኮርሶች በየሴሚስተራቸው ተጽፈው ይለጠፉ። የትኛው ለየትኛው ፕሪሪኩዚት፣ ማለት ቀድሞ መወሰድ ያለበት፣ እንደሆነ ይታወቅ። አስተማሪ የጠፋበት ኮርስ ካለ ከሴሚስተሩ በፊት ይነገረን፤ ቢያንስ ክረምቱን እያነበብን እንቆይ። ኢሌክቲቩን ደግሞ ተማሪው ድምፅ ሰጥቶበት ይከፈት። ዘንድሮ ዲፓርትመንት የምትመርጡ ታናናሾቼ፣ ፍልስፍናን አትፍሩት። ግን በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ዲፓርትመንት ሄዳችሁ ይሄን የኮርስ ዝርዝር ወረቀት ጠይቁ። ብቻችሁን ሳይሆን ባቹ በሙሉ ሆናችሁ ጠይቁ።