አፍንጫው የማይደርቅ ልጅ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሕፃናት ማቆያ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ይታመማል፣ አትደንግጡ ይላል። ማለት ቀላል ነው! የኔ ልጅ እዚሁ አዲስ አበባ በ1 ዓመት ከ2 ወሩ ነው የገባው። ሦስት ወር ሙሉ አፍንጫው ደርቆ አያውቅም። ሰኞ ይገባል፣ ረቡዕ ያተኩሰዋል፣ ሐሙስ «ነይ ውሰጂው» ተብሎ ይደወልልኛል። የዓመት ፈቃዴ ገና በኅዳር አለቀ።

እናቴ «ብርድ መቶት ነው» ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ ማንንም ሳልጠይቅ አሞክሳሲሊን ገዛሁለት። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ትርፉ ተቅማጥ ሆነ። በኋላ ያየችው ዶክተር፣ ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ያለ ነው አለችኝ። ሳሉም 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እፎይ አልኩ።

ጽሑፉ የዘለለው አተነፋፈስን ነው። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው።

ለበሽታው መዛመት ደግሞ እኛ ወላጆችም አለንበት። ጠዋት ፓራሲታሞል አጠጥቶ፣ ትኩሳቱን አብርዶ ልጁን ማቆያ የሚያስገባ ሞልቷል። እሺ፣ እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ። ስብሰባ ነበረብኝ።