ሪኳየርመንቱ ያለው ካርድ ክፍል ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጤና ተቋም የታካሚ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ከሠሩት አንዱ ነበርኩ። የሚያስፈልጋቸውን ነገር፣ በሙያችን ቋንቋ «ሪኳየርመንቱን»፣ ያጠናነው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ቡና እየጠጣን ነው። ካርድ ክፍል ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት እናትም ተጠርተው መጡ። «ይሄ ይበቃዎታል?» አልናቸው። አለቃቸውን ገልመጥ አድርገው «በቂ ነው» አሉ። እኛም «ተጠቃሚዋ ተስማምተዋል» ብለን ጻፍን።

ሥራ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ስንመለስ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አሮጌው መዝገብ ተዘርግቶ አገኘነው። ኮምፒውተሩ ሰው ማግኘት አቅቶታል። «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበ ታካሚ በቀጠሮው ሲመጣ «አለሙ» ተብሎ ይፈለጋል፤ የለም ይላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። ለጆሯችን ዓ እና አ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት። ቅጹ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ካልተሞላ አያሳልፍም፤ በዚያም ስም ቤተሰብን በአንድ ፋይል ሊሰበስብ ይሞክራል። እናት በአባቷ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም እየተጠሩ ምን ሊሰበስብ?

ቀኑ የባሰ ነበር። ሥርዓቱ ጳጉሜን አያውቅም። በ2012 የተወለደን ልጅ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ከቆጠረው ሕፃኑ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። የቀጠሮ ወረቀቱ 8:00 ይላል፤ ማሽኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፣ ታካሚው ግን ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሐኪሙ ይቆጣል፤ ታካሚው ምን አጠፋ?

«ለምን አልነገሩንም?» ስንላቸው እኚያ እናት ሳቁ። «አለቃዬ ፊት ጠይቃችሁኝ ምን ልበል?»

ሶፍትዌርን ከአገሩ ስምና ቀን ጋር የማስማማቱን ጉዳይ ብዙ ባልደረቦቼ «መጨረሻ ላይ የሚተረጎም ነገር» ይሉታል። አልስማማም። የስም አፈላለግና የቀን አቆጣጠር የዳታቤዙ መሠረት ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ቤት ከተሠራ በኋላ እንደሚቀባ ቀለም አይደሉም። ፋይዳ መታወቂያ ሲስፋፋ የስም ጣጣው ይቀል ይሆናል። ግን ራሱን ስቶ በቃሬዛ የመጣ ሰው ቁጥሩን አይነግረንም፤ ትናንት የተወለደ ሕፃንም ገና ቁጥር የለውም።

አውድን አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር ስማርት ስልክ ላላቸው ብቻ አልተሠራም፤ *127# ተብሎ በተራ ስልክም ይሠራል። አንድ ሰው የገበሬውንና የጉልት ነጋዴዋን ስልክ አስቦ ነበር ማለት ነው።

በእኔ እምነት ጥፋቱ ከፕሮግራመሩ ይልቅ በውሉ ይበዛል። ክፍያው «ሰነዱ ተፈርሟል» በሚል ስለሚለቀቅ ማንም ገበያ በዋለበት ቀን፣ ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ መብራት ሲጠፋ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያይም። የሦስት ቀን አበል እንኳ ቢመደብ፣ እኛ የሠራነውን አፍርሰን ስናስተካክል ካጠፋነው አምስት ወር ይረክስ ነበር። ጥያቄውም አለቃ በሌለበት ይጠየቅ፤ ይሉኝታ ያለበት «እሺ» መስፈርት አይሆንም።

በቅርቡ የሌላ መሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድ አየሁ። ለፍላጎት ጥናት የተሰጠው አምስት ቀን ነው። ቦታው፦ የሥራ አመራር መሰብሰቢያ አዳራሽ።