ሦስት ሊቅ ለአንድ ካልሲ

ፋሲል ግቢን ለመጎብኘት ቲኬት ይቆረጣል። የመግቢያ ሰዓት አለው፤ የመውጫም አለው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ ስለሆነ ማንም እየተነሳ ግንቡን ልጠግን አይልም። እኔ ደግሞ በቅርቡ ወልጃለሁ። ለእኔ ቲኬት የለም። ሰዓትም የለም። ጥገናው ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው።

ይህን የምለው ለማማረር እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው። ጎንደር ላይ የወለደች ሴት ብቻዋን አትተውም። እንቅልፍ ይተዋታል፣ ወገቧ ይተዋታል፣ ጫማዋ ሳይቀር አልገባም ብሎ ይተዋታል። ሰው ግን አይተዋትም። በፈረቃ ይጠብቃታል። አበል አይጠይቅ፣ የዓመት ፈቃድ አይወጣ።

ጥበቃው የጀመረው ገና አልጋ ላይ እያለሁ ነው። ገንፎው ተገነፋ፣ ቅቤው መሀሉ ላይ ፈሰሰ፣ ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ። እልልታው ሦስት ነበር። ሰባት የሚባለው ለወንድ ነው። አንዲት የባሌ አክስት ሦስተኛውን እልል ብለው ሲጨርሱ እጄን ጨበጥ አርገው «አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ወንድ ነው» አሉኝ። እኔ ገና መቀመጥ አልችልም። እሳቸው ቀጣዩን ቀጠሮ ይዘውልኛል። ከዚህ በላይ አርቆ አሳቢነት ከየት ይመጣል?

የከተማውን ሙሉ ችሎታ ያየሁት ግን ሥራ ስጀምር ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከማራኪ በባጃጅ እንነሳለን። ልጄን ፒያሳ አካባቢ እናቴ ዘንድ አድርሼ ቢሮ እገባለሁ። በአንድ ትከሻዬ የእሷ ቦርሳ አለ፤ ዳይፐር፣ ቅያሪ፣ ፔርሙስ። በሌላው የእኔ፤ ፋይል፣ ምሳ ዕቃ፣ አንዲት ሊፕስቲክ። እሷ ጭኔ ላይ በጋቢ ተጠቅልላለች። አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ልጄ ካልሲ አትወድም። አንዱን እግር በሌላው ተረከዝ እየገፋች ታወልቀዋለች። በአራት ወሯ የተካነችው ሙያ ይሄ ብቻ ነው፤ ግን በደንብ ነው የተካነችው።

አንድ ቀን ግራ ካልሲዋ ወለቀ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አርገው እግሯን አዩ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሊፕስቲኬ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«አንች ልጅ፣ ብርድ እየመታት እኮ ነው!»

ሾፌሩ በመስታወት ብቅ አለ። «እውነታቸውን ነው እህቴ። ብርድ የሚገባው በእግር ነው።»

በሌላ በኩል የተቀመጠው ጎረምሳ ከስልኩ ቀና አለ። ጢሙ ገና እየመጣ ነው። «ጋቢው ግን አልበዛባትም? ልጅ ሲታፈን ጥሩ አይደለም።»

እንግዲህ ተመልከቱ። ሦስት ሊቅ፣ ሁለት አቋም፣ አንድ ካልሲ። ልጄ በአንድ ጊዜ በብርድም በሙቀትም ልትሞትብኝ ነው። ክርክሩ አራዳ ገበያ ድረስ የሚሰማ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ካልሲውን ከባጃጁ ወለል ላይ እየፈለግሁ ነበር። ማንም እግሩን አላነሳልኝም፤ ውይይት ላይ ናቸዋ። ፒያሳ ስንደርስ ሁለት ቦርሳ፣ አንድ ሕፃንና አንድ ጃንጥላ ይዤ መውረድ ጀመርኩ። ያኔ ጉባኤው ፀጥ አለ። ጎረምሳው ወደ ስልኩ ተመለሰ። እናትየዋ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ሾፌሩ ሒሳቡን ተቀበለ።

ስለ ኪሎዬም ማመስገን ይገባኛል። ሚዛን ገዝቼ አላውቅም፤ አያስፈልገኝም። ቢሮ በር ላይ «ወፈርሽ! ወሊድ ተስማማሽ» እባላለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ቤት «ምነው ከሳሽ? ባልሽ አያበላሽም እንዴ?» ይመጣል። ልብ በሉ፣ በመሀሉ የበላሁት አንድ ሽሮ ነው። ከቢሮ በር እስከ ሻይ ቤት ያለችው መንገድ ይህን ያህል የምታከሳ ከሆነ ጂም ቤቶቹ ለምን እንዳልተዘጉ አልገባኝም።

ወደ አለባበስ እንለፍ። እዚህ ላይ የጠባቂዎቼ ጥበብ ይረቅቃል። ሰፋ ያለ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠፍሬ ብወጣ «አይ ወሊድ! ራሷን ጣለች» ይባላል። ሽክ ብዬ ብወጣ ደግሞ «አራስ ሆና ለማን ነው የምትዘንጠው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁለቱንም የምትለው አንዷ ጎረቤቴ ናት። ሰኞና ማክሰኞ ነው የምትለው። መልሱን ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ምናልባት ግማሹን ዘንጦ ግማሹን መጣል ሳይሆን አይቀርም።

የልጄ ክርስትና ሲደርስ አንድ ብልጠት አሰብኩ። ያለችኝ የጎንደር ጥልፍ ቀሚስ ደረቷ እስከ አንገት ድረስ የተዘጋ ነው። ስታምር ታምራለች። ማጥባት ግን አይታሰብም፤ ልጅቷ ስትርባት ከታች እስከ ላይ ልገለብጠው ነው? ስለዚህ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከጥልፉ ጎን የማይታይ ዚፕ እንዲገባልኝ ጠየቅሁ። ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀሚሱን ገልብጦ አየ። በጣቱ ክሩን ተከተለ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ጥልፍ ነው» አለኝ። ጥልፍ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። «የዱሮ እናቶች ዚፕ ነበራቸው? ዘጠኝ አሥር ወልደው አሳድገዋል።» የወለዱት እሳቸው ይመስል። ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ቀን ቀጠረኝ። በአምስተኛው ቀን ስሄድ ዚፑ ገብቷል፤ ግን በጀርባ በኩል ነው። «ለባህሉ ብዬ ነው» አለኝ።

በጀርባዬ የማጠባ ብሆን ኖሮ ባህልም ልጅም በአንድ ቀን ይድኑ ነበር።

ሥራ። ኧረ ሥራ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እግዜር ይስጠው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጠበሉን፣ ድግሱን፣ የተዋስነውን ድስት ሁሉ መልሰን ስንጨርስ 10 ቀን አይሞላም፤ ቢሮ ነው። ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይላሉ፤ ውኃም ቢሆን የለም። ልክ ናቸው። እና ሦስቱ ወር ከፈቃዱ ጋር ያልቃል፤ የተቀረውን ሦስት ወር ጡቴ ከእኔ ጋር ቢሮ ነው፣ ልጄ እናቴ ጋ ናት።

መፍትሔው የጡት ማለቢያ ነው። አልባለሁ። የት? ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው የማልበው፤ እግሩ የተሰበረ ወንበርና የዱሮ መዝገብ መሀል። በሩ ቁልፍ የለውም። በርሜል የመሰለ የወረቀት ክምር አስደግፌ ቁጭ እላለሁ። ማለቢያው «ጭር፣ ጭር» ይላል። ያኔ ይንኳኳል። «ስቴፕለር ውስጥ አለ?» የለም እላለሁ። «የሚንጫረረው ምንድን ነው?» አይጥ ነው አልኩ አንድ ቀን። በማግስቱ የአይጥ መድኃኒት ተገዛ። በዚህ ቢሮ እንደዚህ ፈጥኖ የተገዛ ነገር አላየሁም።

የታለበ ወተት ያለ ፍሪጅ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው። የእኛ ስብሰባ ከዚያ ይበልጣል። እሱ ግን አይበላሽም፤ ያው እንደነበረ ይቀጥላል። አንድ ሐሙስ ስብሰባው መሀል ላይ ሸሚዜ ረጠበ። ነጭ ሸሚዝ ነው። ነጠላዬን ደረቴ ላይ ጣል አረግሁ። አንድ ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ «በርዶሻል መሰለኝ፤ አራስ ሰው ይጠንቀቅ» አለኝና መስኮቱን ዘጋልኝ። እሱን እንኳ ከልቤ ነው የማመሰግነው። ሰውየው ምንም አልገባውም፤ ግን ተነሳ።

«ለማን ትተሻት መጣሽ?» የሚለው የዘወትር ጸሎት ነው። ለእናቴ ስል «ምስኪን፣ አሁንም እሷን ታለፊያታለሽ» ይሉኛል። ሠራተኛ ቀጥሬ ብል «በሰው እጅ!» ይላሉ። ሥራ ብተውስ ብዬ አንዴ ለሙከራ ጠየቅሁ። «ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው?» ተባልኩ። እነዚህን ሦስት መልሶች የሰጠኝ አንድ ሰው ነው። ያውም ቡናውን ሳይጨርስ።

አንዳንዴ ወደ ቁስቋም ቀና ብዬ እቴጌ ምንትዋብን አስባለሁ። ስማቸው ራሱ የቁንጅና አድናቆት ነው። አፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ልጅ ነበር። እናትየው ዘውድ ደፉ፤ ልጅም አሳደጉ፤ አገርም ገዙ፤ ቁስቋምንም አሠሩ። ጣና ላይ ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሲደፉም ዘንጠው ነው። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን ተረት የሚወዱ ዘመዶቼ ኅዳር ኅዳር ቁስቋምን ሊሳለሙ ይወጣሉ። ማን እንዳሠራት ሲጠየቁ በኩራት ይናገራሉ።

ደግነቱ እቴጌዋ ባጃጅ አልተሳፈሩም። «እቴጌ፣ ልጁን ለማን ትተው ነው ዙፋን ላይ የወጡት? ካልሲውስ?»

ስለ ሕክምናው ክፍል ብዙ ባልል ይሻለኛል። ጆሮዬ ላይ ጥጥ እንድወትፍ ተነግሮኛል፤ ወትፌያለሁ፤ ምክሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ስለሚሰማ ጠቅሞኛል። ግን ደግሞ ለልጅቷ ቅቤ አውጫት የሚሉ አሉ። ሳል ስትል እንጥሏን አስቆርጫት ያሉኝም አሉ፤ አዋቂ እንዳለ፣ በምላጭ ቶሎ እንደሚጨርስ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አራስ ነብር የሚባለው ለካ ለዚህ ነው። «እሽ» እላለሁ፣ ልጄን ወደ ሌላኛው ትከሻ አዞራለሁ፣ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።

ባሌን ረስቼው ነበር። ሕጉም ትንሽ ረስቶታል፤ 3 ቀን ነው የሰጠው። ገንፎው ሳይበርድ ሥራ ገባ። ግን ጥሩ ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ «አንች ተኝ፤ እኛ እናትሽ ዘንድ ደርሰን እንመለሳለን» አለኝ። ልጄን በአንቀልባ ደረቱ ላይ አሰረ። አስተሳሰሩ የተለየ ነበር፤ ልጅቷ እንደ ኩንታል ዘመም ብላለች። ዝም አልኩ። ተኛሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ፊቱ እያበራ ተመለሰ። ባጃጁ ውስጥ አንዲት እናት «ተባረክ የኔ ልጅ፣ የታደለች ሚስት» ብለው ግንባሩን ስመውታል። ሾፌሩ ሒሳብ አልቀበልም ብሏል። ፒያሳ ላይ የማያውቃት ሴት ቦርሳውን ተሸክማ መንገድ አሻግራዋለች። ቡና የጋበዘውም አለ። እናቴ ሳትቀር «እንዲህ ያለ አባት አይቼ አላውቅም» ብላ ድፎ ዳቦ ጠቅልላ ሰጥታዋለች።

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልጄን ከአንቀልባው ሳወጣት ዳይፐሩ የታሰረው ከፊት ለኋላ ነው። ኮፍያዋ የለም። ሁለቱም እግሮቿ ባዶ ናቸው። ቀኙን ነካ አረግሁት፤ በረዶ ነው።

«ካልሲዋስ?»

«እ?» አለና እግሯን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። «እንጃ። ማንም ምንም አላለኝ።»