ለጠንካራ ቢራ የጌሾ ጥንስስ ወይስ የእሽግ እርሾ?

ሁለቱም ከአዲስ አበባ ዳር ናቸው፤ እሷ ለገጣፎ፣ እሱ ቱሉ ዲምቱ። ያከራከራቸው ነገር አንድ ነው። ቤቱ ውስጥ ከገብስ ብቅል ጠንካራ ቢራ የሚጠምቅ ሰው በምን ይጠንስሰው?

ከቱሉ ዲምቱ፦

እኔ የምለው በእሽግ የቢራ እርሾ ነው፣ ግን በቅድሚያ ተራብቶ። ጠንካራ ቢራ ማለት ስኳሩ የበዛ የብቅል ውሃ ነው። ስኳሩ ከእርሾው ውስጥ ውሃ ይስብበታል፣ አልኮሉ ከፍ ሲል ደግሞ ያደክመዋል። ጥቂት እርሾ ከገባ መሃል ላይ ይቆማል። ደርሶብኛል። ባለፈው ክረምት፣ የስኳሩን ብዛት የሚለካው ሃይድሮሜትር 1.080 የሚያነብበት (ተራ ውሃ 1.000 ነው፣ ስኳሩ ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል) 20 ሊትር የብቅል ውሃ ላይ፣ ከጎረቤት ያመጣሁትን የጠላ ጥንስስ ሁለት ኩባያ ጨመርኩበት። በ10ኛው ቀን 1.040 ላይ ተገትሮ ቀረ። ስቀምሰው እንደ ሽሮፕ ይጣፍጣል፣ ከኋላው ደግሞ ይኮመጥጣል። ሁሉንም ደፋሁት።

አሁን ከጠመቃው ሦስት ቀን ቀድሜ ሁለት ሊትር ቀጠን ያለ የብቅል ውሃ አዘጋጃለሁ። 1.040 ከደረሰ ይበቃል፤ እርሾው እንዲራባ እንጂ እንዲታገል አልፈልግም። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 20 ደቂቃ አንተከትከዋለሁ። አብርጄ እርሾውን እጨምርና የጠርሙሱን አፍ በፎይል ሸፈን አደርጋለሁ። ጥርቅም አድርጎ መክደን የለም፣ ጋዙ መውጣት አለበት። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እወዘውዘዋለሁ፣ እርሾ ሲራባ ኦክስጅን ይፈልጋልና። በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን ፍሪጅ አስገባዋለሁ። እዚያ አንድ ቀን ሲያድር ታቹ ላይ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። የላዩን ውሃ ደፍቼ ዝቃጩን ብቻ ቢራው ውስጥ እጨምራለሁ። ትኩስ ደረቅ እርሾ ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ለብ ባለ ውሃ ማንቃት ይበቃዋል። የኔ ግን ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኝ ፈሳሹ ነው፣ መንገድ ላይ ግማሹ ሊሞት ይችላል። ይህ ጥንስስ እርሾው በሕይወት መኖሩንም ይነግረኛል።

ከለገጣፎ፦

ልጄ፣ ያበላሸህ ጥንስሱ አይደለም፣ ችኮላህ ነው። ሁለት ኩባያ ለ20 ሊትር! ጥንስስ እኮ መሠረት ነው፣ እንደ ቅመም ጣል አይደረግም። እኔ ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጥነዋለሁ። ከዚያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ብቅል በውሃ እጠነስሳለሁ። ሦስት አራት ቀን ቆይቼ ጆሮዬን ጋኑ አፍ ላይ ሳስጠጋ፣ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመሰለ ድምፅ ይሰማኛል። ያን ሳልሰማ ምንም አልጨምርም። ቀጥሎ ቂጣና ብቅል ይገባል፣ ያ ሲብላላ ደግሞ እንኩሮው። ስኳሩን ሁሉ በአንድ ቀን አላሸክመውም፤ እየጎረሰ ነው የሚጎለብተው። አንተ በባዶ ሆዱ በርሜል ሙሉ ሽሮፕ ደፋህበት፣ ከዚያ ጥንስሱን ወቀስክ።

ከቱሉ ዲምቱ፦

እትዬ፣ ደረጃ በደረጃ መመገቡ ላይ እውነትዎን ነው፣ ማነሱንም አምናለሁ። መኮምጠጡ ግን ከማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። ጥንስሱ ውስጥ ከእርሾው ጋር የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያም አለ። ጠላ ቶሎ ስለሚጠጣ ትንሽ ኮምጠጥ ማለቱ ያምርበታል። የኔ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ሦስት ወር ይቀመጣል፤ ያ ሁሉ ጊዜ ለባክቴሪያው ሥራ ነው። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ከአንድ የእርሾ ሕዋስ ብቻ ማራባት የጀመረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ከውጭ የገባ ሌላ እርሾ ቢራቸውን ያበላሽባቸው ነበር።

ከለገጣፎ፦

ታዲያ ጌሾው ምን የሚሠራ መሰለህ? ምሬቱም ከሱ ነው፣ የሚያኮመጥጠውንም የሚይዘው እሱ ነው። ጭሱም ለሽታ ብቻ አይደለም። ደግሞስ ሻንጣው ካልመጣ ምን ልታደርግ ነው? የሐምሌ ብርድ ሲገባ ያ ጠርሙስህ ያንቀላፋል፤ የኔን ጋን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ምድጃው ጥግ አስቀምጠዋለሁ። ጌሾና ብቅል ከገበያ አይጠፋም። ሰው ያልላከልኝን ነገር ስጠብቅ ድግስ አያልፈኝም።

ከቱሉ ዲምቱ፦

ሻንጣ የምጠብቀው አንዴ ነው። ጥንስሱን ትልቁ ቢራ ውስጥ ከመጨመሬ በፊት አንድ ስኒ በፈላ ውሃ ባጸዳሁት ጠርሙስ ቀንሼ ፍሪጅ አኖራለሁ። ለቀጣዩ ጠመቃ እሱን አራባለሁ። ከጠንካራው ቢራ ሥር የሚቀረውን ዝቃጭ ግን አልመልሰውም፣ አልኮሉ አድክሞታል። አንዱ እሽግ እስካሁን አራት ጊዜ ጠምቆልኛል። ብርዱ ላይ ረትተውኛል፣ እኔም ጋቢ አለብሰዋለሁ።

ከለገጣፎ፦

ቀንሶ ማስቀመጡን ወድጄዋለሁ። እንግዲያው ከዚያች ስኒ ግማሹን ላክልኝ። በትንሽ እንስራ፣ ጌሾውን ሳልቀንስ ለብቻው እሞክረዋለሁ። ትልቁን ጋን ግን አላስነካህም፣ እሱ ለጥምቀት የተጠነሰሰ ነው።