ወደ ጎጃም ያልመጡ ፊልሞች

ስለ ቆዩ የኢትዮጵያ ፊልሞች ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ ትውልዱ የራሱን ጥሎ የባዕድ አገር ፊልም ያሳድዳል፣ የቀደሙትን ሥራዎች ረስቷቸዋል ይባላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ ይህን ለሚሰማ ሰው ግን ወቀሳው አድራሻውን ስቷል። ሰው የሚረሳው አንድ ጊዜ ያየውን ነው፤ እነዚያ ፊልሞች ለጎጃም ከተሞች ሕዝብ ሲታዩ እኔ አላጋጠመኝም፣ በዕድሜ ከሚበልጡኝ መካከልም በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ ወይም በሞጣ አዳራሽ ገብቼ አይቻቸዋለሁ የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እኔም ብሆን ያየኋቸው ለትምህርት አዲስ አበባ በቆየሁበት ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ነው።

ስለዚህ የእኔ ክርክር ከተለመደው የተለየ ነው። እነዚህ ፊልሞች በውጭ አገር ፌስቲቫሎች ተሸልመዋል፣ ምሁራን ጽፈውባቸዋል፣ በአዲስ አበባም ጥቂት ሰው አይቷቸዋል፤ ነገር ግን ስለ ማን እንደ ተሠሩ ስናስብ ዋነኛ ዳኛቸው ገና አልፈረደባቸውም። ያ ዳኛ ሞፈርና ቀንበር የተሸከመው፣ ወይም አባቱ ሲሸከም አይቶ ያደገው፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች በሽማግሌ ፊት ሲታረቁ የተመለከተው የገጠርና የትንሽ ከተማ ሰው ነው።

የፊልሞቹን ዝርዝር ረጅም ማድረግ አይቻልም፤ በፊልም ጥሬ ዕቃ የተሠሩት የአማርኛ ሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ሥራዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው በ1957 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ጥቁርና ነጭ «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው፤ ድርሰቱ የእልአላ ኢብሳ፣ አዘጋጁም ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም አሳየ። ከረጅም ዝምታ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» መጣች። በመካከሉ ደርግ የፊልም ማዕከል፣ በኋላም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ ነበር፤ ኮርፖሬሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሥራ በአብዛኛው በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ነው።

እነዚህ ፊልሞች ያልመጡበትን ምክንያት ሕዝቡ ፊልም ስለማይወድ ነው ማለት አይቻልም። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ በጎጃም ከተሞች ቪዲዮ ቤት ነበር፤ የጭቃ ቤት መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ የዕለቱ ፊልም ስም በካርቶን ላይ በእጅ ተጽፎ በር ላይ ይንጠለጠል ነበር። መብራት ከሄደ ባለቤቱ ጄነሬተር ያስነሳል፤ ጄነሬተር ከሌለው ተመልካቹ ብሩን ለማስመለስ ይጨቃጨቃል። የህንድ ፊልም ያኔ ነገሠ። ለአራጣ አበዳሪ ባለዕዳ የሆነችውን የህንድ ገበሬ እናት መከራ አይተን ስናለቅስ፣ በእኛው ቋንቋ ስለ እኛው ጭሰኛ የተሠራ ፊልም መኖሩን የነገረን ሰው አልነበረም። ባለ ቪዲዮ ቤቱን አልወቅሰውም፤ እሱ የሚያሳየው ካሴቱ የተገኘለትን ነው። ወቀሳ ካለ፣ የአንድን ፊልም ቅጂ አዲስ አበባ አስቀምጦ ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር እንደ ተመልካች ባልቆጠረው አሠራር ላይ ነው።

«ጉማ»ን ልጀምር፤ ምክንያቱም ለጎጃም ተመልካች ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊልሙ የሚነሣው ከኦሮሞ የደም ካሳ ሥርዓት ነው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው በሰንሰለት ታስሮ የደም ዋጋውን እየለመነ በየአገሩ ይዞራል። ይህን አዲስ አበባ ያየ ወጣት እንደ ጥንታዊ ልማድ፣ እንደ ሙዚየም ዕቃ ሊያየው ይችላል። በጎጃም ግን ደመኛ የሚለው ነገር ተረት አይደለም። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገበያ ሲወጣ ማን እንደሚያገኝ እያሰበ የሚወጣበት፣ የገዳይ ዘመዶች ደግሞ አገር ለቀው የሚሰደዱበት፣ ሽማግሌና ካህን መስቀል ይዘው ለወራት የሚመላለሱበት፣ በመጨረሻም ካሳ ተቆርጦ በመሐላ የሚታረቁበት ሥርዓት ዛሬም አለ። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ፊልሙን ሲያይ የሚያነሣው ጥያቄ ከሃያሲው ይለያል፦ ካሳውን የሚከፍለው ግለሰቡ ነው ወይስ ዘመዱ ሁሉ? የሟች እናት ድምፅ የት አለ? ሰንሰለቱ ቅጣት ነው ወይስ ገዳዩን ከበቀል የሚጠብቅ ከለላ? እነዚህ ጥያቄዎች በአዳራሽ ውስጥ ቢነሡ ፊልሙ ራሱ ያልመለሳቸውን ነገሮች ያጋልጣሉ፤ አንድ ሥራ ሊያገኝ ከሚችለው ክብር ትልቁም ይኸው ይመስለኛል። ትወናው በብዙ ቦታ የመድረክ ቴአትር ነው፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ እጅ ይወናጨፋል፤ ይህ አይካድም። የዘመኑ ተዋንያን ከመድረክ የመጡ ስለ ነበሩ ከዚያ ውጭ መጠበቅ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወደ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ ይረዝማልም። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ፣ በጥቁርና ነጭ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ፣ ተዋንያኑም በአብዛኛው ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎች የሆኑበት ሥራ ነው። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ሳለ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀረጸው። ታሪኩ አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ በአንድ ጨካኝ ባለመሬት ሥር የሚያሳልፈው ሕይወት ነው። ባለመሬቱ ከደጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልቁል እያየ ይሳደባል፣ ያዛል፤ ቤተሰቡ ያርሳል፣ ይጠብቃል፣ ይሸከማል። ከብት የምትጠብቀው ልጅ የባለመሬቱን ላም ከደራሽ ወንዝ ለማዳን ገብታ ውኃ ይወስዳታል። ከበበ ይሉታል፣ እብድ ነው የሚባል፣ መሬቱን የተቀማ የቀድሞ ወታደር አለ፤ እውነቱን በግልጽ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፣ በመጨረሻም ባለመሬቱን የሚገድለው እሱ ነው።

ፊልሙን የጀመሩ ብዙዎች የሚያቋርጡት መጀመሪያው ላይ ነው፤ ይዘገያል ይላሉ። አዎ ይዘገያል። ጎሕ ሲቀድ ይታያል፣ ሰው ከጎጆ ይወጣል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ጥማዱም ከሩቅ ሆኖ ማሳውን ያቋርጣል፤ ካሜራው አይቸኩልም፣ እስኪዞር ይጠብቃል። እኔ ይህን ክፍል ከአንድ የጎዛምን ገበሬ ዘመዴ ጋር በላፕቶፕ አይቼዋለሁ። እሱ አልሰለቸውም። ዓይኑን ከበሬዎቹ ላይ ሳይነቅል፣ «ይሄ የቀኝ በሬ ደክሟል፤ ሰውዬው ግን ባለቤቱ ስላልሆነ አያሳርፈውም» አለኝ። ይህን ብዙ ጊዜ ፊልሙን ያየሁት እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ኃይሌ ገሪማ ዝግታውን የመረጠው በአጋጣሚ ወይም በአላዋቂነት አይደለም፤ ጉልበት በሰው አካል ላይ የሚያልፍበትን ጊዜ ተመልካቹ እንዲቆጥረው ፈልጎ ነው፣ ያንን ሰዓት ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያነበው አርሶ የሚያውቅ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን ጎጃም ከፊልሙ ጋር የሚጣላበት ቦታ አለ፤ ክርክሩ የሚጣፍጠውም እዚያ ነው። ፊልሙ የሚያሳየው የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት በተለይ በደቡብ የተንሰራፋው ዓይነት ነው። በጎጃም ግን አብዛኛው ገበሬ ከአቅኚ አባቱ በትውልድ ቆጥሮ የሚካፈለው ርስት ነበረው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አካባቢዎች ያመፀው በባለመሬት ላይ ሳይሆን አዲስ በታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ነበር፤ መሬቴን ሊለኩብኝ፣ ርስቴን ሊነኩብኝ ነው ብሎ ነበር የተነሣው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን ተብሎ ሲታወጅም በደቡብ እንደ ነጻነት የታየው ነገር እዚህ በብዙ ሰው ዘንድ በጥርጣሬ ነው የታየው። እንግዲህ ፊልሙ በውጭ አገር አዳራሾች ሲታይ ያሳየው ሥርዓት በዐዋጅ ተሽሮ ነበር ማለት ነው፤ የጎጃም ተመልካች ደግሞ «የእኛ ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም» ብሎ የመሟገት ሙሉ መብት አለው። ርስት የሌለው፣ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ተብሎ የተገፋው ሰው ግን በዚያው አዳራሽ ተነሥቶ ለርስተኛው የሚመልሰው አያጣም። ይህን ሙግት የትኛውም የአውሮፓ ፌስቲቫል ሊያካሂደው አልቻለም፣ ሊያካሂደውም አይችልም።

ስለ ፊልሙ ድክመትም ልናገር። ወደ መጨረሻው ከበበ የሚናገረው ሁሉ ንግግር እየሆነ ይሄዳል፤ ዘመኑ የተማሪ እንቅስቃሴ ዘመን ነበርና ጸሐፊው በገጸ ባሕሪው አፍ ገብቶ ሲሰብክ ይሰማል። ያች ልጅ በወንዝ ከተወሰደች በኋላ እናቷ የምታሳየው ዝምታ ከዚያ ስብከት ሁሉ ይበልጣል። የድምፁ ጥራትም በየቅጂው ይለያያል፤ በመጥፎ ቅጂ ያየ ሰው ፊልሙን ከመናቁ በፊት ሌላ ቅጂ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ስለ «አስቴር» ብዙ አልልም፤ ከ«ምርት» ያነሰች ሥራ ናት፤ ሆኖም በፊልም ጥሬ ዕቃ ይሠራበት ከነበረው ዘመን ማብቂያ ላይ የቆመች ናትና ልትታይ ይገባታል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ቢሆንም፣ ለአሁኑ ወጣት አሮጌ ፊልም ሆኗልና ከዚህ ልቆጥረው እወዳለሁ። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮም ትልቁን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም ታሪኩ የሚያርፈው በጣና ዳር ባለ መንደር ነው፤ ልጆች ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ ያሳያል። ከ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በኋላ አፈሳ ምን እንደ ነበር ለጎጃም እናቶች መንገር አያስፈልግም። ከሐይቁ ወዲህ ማዶ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ፊልም ከቬኒስ ሰዎች ኋላ ማየታችን ያሳፍራል።

ኢንተርኔት አለ፣ የፈለገ ይይ የሚሉ አሉ። በመጀመሪያ፣ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። ሁለተኛም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድን ፊልም በስልክ ማየት በሬዎቹን ጉንዳን ማድረግ ነው። እነዚህ ፊልሞች ብዙ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱ ሲያጉረመርም ሌላው እየሳቀ፣ ካለቀ በኋላ ደጅ ቆሞ እየተከራከረ እንዲያያቸው የተሠሩ ናቸው።

እንዴት ይምጡ ለሚለው ኃይሌ ገሪማ ራሱ መንገዱን አሳይቷል። «ሳንኮፋ» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ፊልሙን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ የአካባቢውን ሰው እያስተባበረ አሳየው፤ ፊልሙም ተመልካቹን አገኘ። እዚህም የሚያስፈልገው ከዚያ የበለጠ አይደለም። አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ደህና ድምፅ ማጉያ፣ የባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድና ትክክለኛ ቅጂ ከተገኙ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም አለ፣ በየወረዳውም የትምህርት ቤትና የባህል አዳራሽ አይጠፋም። ፈቃዱን ችላ ማለት አይገባም፤ ቪዲዮ ቤቶቻችን የኖሩት ያለ ፈቃድ ነውና ልማዱ ቀላል ይመስላል፣ ግን ፊልሙን ከነሙሉ ጥራቱ የሚሰጠው ባለመብቱ ብቻ ነው።

ያለንበት ጊዜ ሰው ማታ ለመሰብሰብ የሚፈራበት መሆኑን አልስትም። ስለዚህ ማሳየቱ በቀን ይሁን፤ መስኮት በወፍራም ጨርቅ መጋረድን እንደሆነ ቪዲዮ ቤቶቹ አስተምረውናል። ቅደም ተከተሉንም ብጠየቅ በ«ጉማ» እጀምራለሁ፤ ለተመልካቹ ቅርብ ስለ ሆነ ሰውን ያስለምዳል፣ ክርክሩም በቶሎ ይጦፋል። «ጤዛ»ን ሁለተኛ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሦስተኛ አደርጋለሁ፤ እሱንም አዝመራ ተሰብስቦ የክረምት እርሻ ሳይገባ፣ ገበሬው ጊዜ ባለው ወቅት፣ በመካከሉ የቡና ዕረፍት አድርጎ ማሳየት ይሻላል። መግቢያውን ለገበሬ በነጻ ማድረግ፣ ከፊልሙ በኋላም መጀመሪያ እንዲናገር ዕድሉን ለእሱ መስጠት ነው፤ መምህራኑና እኛ ጸሐፊዎቹ ወረፋችንን እንጠብቃለን።