ሠርጉ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ጋብቻው ነው

አንድ የፊልም ክበብ «የሚዩሪየል ሠርግ» የተሰኘውን የአውስትራሊያ ኮሜዲ ሰሞኑን ከመርሐ ግብሩ ሰርዟል። ምክንያቱ ፊልሙ ጋብቻን መሳለቂያ ያደርጋል የሚል ከመድረክ የተሰነዘረ አስተያየት ሲሆን፣ ለዚህ የቀረበው ማስረጃም ባልና ሚስቱ በመጨረሻ ይለያያሉ የሚል ብቻ ነው። ፊልም በፍጻሜው ብቻ የሚመዘን ከሆነ ሐያሲ ለምን ያስፈልጋል?

ፒ. ጄ. ሆጋን በ1994 እ.ኤ.አ. ለእይታ ባበቃው በዚህ ፊልም፣ ቶኒ ኮሌት የምትጫወታት ሚዩሪየል በኦሊምፒክ ለአውስትራሊያ ለመወዳደር ዜግነት የሚሻ ደቡብ አፍሪካዊ ዋናተኛን 10,000 ዶላር ተከፍሏት ታገባለች። የወረቀት ጋብቻን ወሬ ሲሰማ ላደገው የእኛ ተመልካች ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ሠርጉ ግን አንዳች አልጎደለውም፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቬሎው፣ ዕድምተኛው፣ ካሜራው ሁሉ አለ፤ ትናንት የናቋትና ከመካከላቸው ያባረሯት ሴቶች እንኳ ዛሬ ሚዜ ሆነው አጅበዋታል። ዘግይታ የደረሰችውን እናቷን ግን ሙሽራዋ በደስታ ሰክራ ሳታያት ታልፋለች። ይህን አይቶ ፊልሙ በጋብቻ ያላግጣል የሚል ሰው የትኛውን ፊልም እንዳየ ሊነግረን ይገባል። ሆጋን የወቀሰው እናትን የሚያስረሳውን የታይታ ድግስ ነው።

ሌሎች የሠርግ ኮሜዲዎች ቀለበቱ ሲጠለቅ መጋረጃቸውን ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮም ለተመልካች ምኞት ይተዋሉ። ሆጋን ግን ሠርጉን ከመጨረሻው አንሥቶ በታሪኩ መካከል አኖረው፣ ያለ ፍቅር የገባ ቃል ምን እንደሚያስከትልም እስከ ጥግ ተከተለው። እናቷ ከሞተች በኋላ ባሏ ሊያጽናናት ቀርቧታል፤ መልከ መልካምና ባለጸጋ ነው፤ ዝም ብትል ትዳሩ በቀጠለ ነበር። እርሷ ግን እንደማትወደው ነግራው ትሄዳለች፤ የምትሄደውም በካንሰር ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀረችውን ጓደኛዋን ሮንዳን ይዛ ነው። የሐሰት ቃል ኪዳንን ማፍረስ ጋብቻን መናቅ ነው የሚሉን ሰዎች፣ ጋብቻን የሚያከብሩት ለቬሎው ሲሉ ነው ማለት ነው።

ፊልሙ ከሳቅ ወደ ሐዘን የሚዞርበት ፍጥነት እንደሚያስደነግጥ እቀበላለሁ። የሚያስደነግጥ ሁሉ ግን የሚሰረዝ አይደለም። ክበቡ ውሳኔውን ሽሮ ፊልሙን ያሳይ፤ አስተያየት ሰጪውም ከተመልካቹ ጋር ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ይየው።