ከጥምቀት በኋላ ና

ጎንደር የገባሁት ለጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። አክስቴ ቤት ስደርስ ቡናው ቀርቧል፣ ጠላው ተጠምቋል። የአክስቴ ልጅ ግን የለም። «ያ ልጅ የት ሄደ?» ብላት «ወረቀቱን ይዞ ወጣ» አለችኝ።

ወረቀት የምትለው ዲግሪውን ነው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በሕግ ተመርቋል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ክላሰሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ፒያሳ ይወጣል። ማታ ሲመለስ ክላሰሩ ትንሽ ሳስቷል። ማስታወቂያው ሁሉ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» ነው የሚለው። የማይመለሰው ወረቀቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ መልሱም አብሮ አይመለስም።

እኔ ከጎንደር የወጣሁት አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ነው። ሕግ የተማርኩት እንግሊዝ አገር ነው፤ አሁንም እዚያው ለንደን ነው የምኖረው። እዚያ ትልልቅ የንግድ ሕግ ድርጅቶች አሉ። ኩባንያ ሲሸጥ፣ ሁለት ድርጅት ሲዋሃድ፣ ባንክ ብዙ ገንዘብ ሲያበድር ውሉን የሚጽፉት እነሱ ናቸው። እዚያ መቀጠር የሚፈልግ ተማሪ ገና ዩኒቨርሲቲ እያለ ቫኬሽን ስኪም የሚባለውን ይሞክራል። በዕረፍት ጊዜ አንድ ሁለት ሳምንት ቢሮ ገብቶ፣ እየተከፈለው የሚሠራበት ነው። የሥራ ልምምድ ይባል እንጂ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ኢንተርቪው ነው። የወደዱትን ሰው ትሬኒንግ ኮንትራክት ይሰጡታል፤ የሁለት ዓመት የሠልጣኝነት ሥራ ማለት ነው። ትልልቆቹ ሥራው ሊጀመር ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው ሰው የሚመርጡት። ልጁ ገና አልተመረቀም፣ እነሱ ከሁለት ዓመት በኋላ የት ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ይወስናሉ። እኛ ቤት የነገን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ታኅሣሥና ጥር ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የኛን ገና ያሳለፍኩት ፎርም ስሞላ ነው።

ፎርሙ ደግሞ ጉድ ነው። «ለምን የንግድ ሕግ? ለምን እኛን መረጥሽ? ሰው የመራሽበትን ጊዜ ንገሪን። ችግር የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን።» የመጀመሪያውን ስሞላ ሁሉንም «እኛ» እያልኩ ጻፍኩት። «እኛ አዘጋጀን፣ እኛ ተከራከርን።» የዩኒቨርሲቲው የሥራ አማካሪ አንብባ «አንቺ የት አለሽ?» አለችኝ። እኔ ያደግሁት «እኔ» የሚል ልጅ ጆሮው በሚቆነጠጥበት ቤት ነው። ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኝ ተብዬ ነው የኖርኩት። ኋላ ግን ትዝ አለኝ። ጎንደሬ ራሱን የሚያወድስበት ቦታ አጥቶ አያውቅም። ሽለላና ፉከራ አለ! ልዩነቱ ያኛው ጎራዴ ተይዞ፣ ጎፈር ተደፍቶ፣ ሰው እየሰማ ነው። ይኼኛው በ250 ቃል ነው፣ ሰሚም የለው። ከዚያ በኋላ ፎርም ልሞላ ስቀመጥ አብራኝ የምትኖረዋን ናይጄሪያዊት «ልፎክር ነው፣ አትረብሽኝ» እላት ነበር።

ፎርሙን ያለፈ ፈተና ይጠብቀዋል። ዋትሰን ግሌዘር የሚባል የአመክንዮ ፈተና አለ፤ ከተጻፈው ነገር የቱ በእርግጥ እንደሚከተል፣ የቱ ግምት ብቻ እንደሆነ መለየት ነው። እሱንም ያለፈ ቪዲዮ ይቀዳል። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ይሰጡሻል፣ ከዚያ ካሜራውን እያየሽ ታወሪያለሽ። የሚነቀንቅ ራስ የለ፣ «እህ» የሚል ሰው የለ። የመጀመሪያውን ቀን ሳላስበው ለካሜራው እጅ ነሳሁት።

በሁለት ዓመት 31 ቦታ አመለከትኩ። 31ዱም አይሆንም አሉ።

አሁን ቁጥሩን ስጽፈው ቀላል ነው። ያኔ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቀን፣ የራሱ ቦታ ነበረው። አንዱ አውቶቡስ ላይ መጣ። አንዱ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬን ስከፍት ጠበቀኝ። አንዱ ባመለከትኩ በማግስቱ መጣ፤ ሳያነቡት እንደሆነ ገባኝ። ደብዳቤውን ለምጄው ነበር። ሳልከፍተው በመጀመሪያው መስመር አውቀዋለሁ። «ለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን» ካለ አበቃ። ሰሙ ምስጋና ነው፣ ወርቁ አይሆንም። ታች ወረድ ስትይ «ከአመልካቾች ብዛት የተነሣ ለእያንዳንዱ አስተያየት መስጠት አንችልም» ይላል። ለምን እንደጣሉሽ አታውቂም። መጣልሽን ግን ታውቂያለሽ።

የናይጄሪያዋ ጓደኛዬም ታመለክት ነበር። እሷ ደብዳቤዋን ወጥ ቤት ቆማ እንደ ሰባኪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች፣ መጨረሻው ላይ «አሜን» እላለሁ። ከዚያ ሽሮ እሠራለሁ። የዚያን ቀን ማታ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነበር። በማግስቱ ሰንጠረዡ ላይ መስመሩን ቀይ እቀባውና ቀጣዩን እከፍታለሁ። አንዳንዱ ቀን ግን ሽሮውም አልበጀም፤ ተኝቼ የዋልኩበትም አለ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ጎንደር ስትደውል «እንዴት ሆነልሽ?» ትለኛለች። «እየጠበቅኩ ነው» እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

የአክስቴ ልጅ ማታ መጣ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «እንዴት ነው ሥራ ፍለጋው?» አልኩት። ሳቀ። «እታለም፣ እኔን እስካሁን እንቢ ያለኝ ሰው የለም እኮ!»

ቁጥሩን ጠየቅኩት። አሥራ ዘጠኝ ቦታ አስገብቷል። ባንኮች፣ አንድ ማይክሮ ፋይናንስ፣ ፍርድ ቤት፣ ሁለት የጠበቃ ቢሮዎች። አንዳቸውም «አልተሳካልህም» አላሉትም። «በሂደት ላይ ነው» ተብሏል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሏል። «እንደውልልሃለን» ተብሏል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገና ተማሪ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ተመራቂዎች በቴሌግራም የሚወጣውን ማስታወቂያ የሚያዩት አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስልክ ሲያነብላቸው ነበር ይላል። አሁን ኢንተርኔቱ አለ፣ መልሱ ነው የሌለው። በዚህ ሳምንት ደግሞ የከተማው ሁሉ ቢሮ አንድ ቃል ተምሯል፦ «ከጥምቀት በኋላ ና።»

እኛ ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት አንችልበትም። ይሉኝታ ይይዘናል። ያ ኃላፊ ክፉ ሆኖ አይደለም። የልጁን ፊት እያየ፣ ምናልባትም አባቱን እያወቀ፣ እንዴት እንቢ ይበል? ስለዚህ «እናያለን» ይላል። የለንደኑ ደብዳቤ ወርቁ በአንድ ደቂቃ ይወጣል። የዚህን የ«እናያለንን» ወርቅ ለማውጣት ግን ልጁ ሦስት ወር ተመላልሷል። እኔ 31 ጊዜ አልቅሼ 31 ጊዜ ዓይኔን ጠርጌያለሁ። እሱ የሚያለቅስበት ቀን እንኳ አልተሰጠውም። እውነቱን ለመናገር ከመምጣቴ በፊት የኛው ይሻላል፣ ቢያንስ ሰውኛ ነው እል ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

አክስቴ ቡና እየቀዳች ጣልቃ ገባች። «እሱ ሰው የለውማ! አሁን ሥራ ያለ ሰው ይገኛል?» ለቁስቋም ስለት ተስላለታለች። «አንች ባለሽበት አገር እንዲህ የለም አይደል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አንዳንድ ድርጅት የተማርሽበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ሸፍኖ ነው የሚያነበው፣ ይኼ እውነት ነው። ግን ኔትወርኪንግ የሚሉት ነገር አለ። የማታውቂውን ጠበቃ በሊንክድኢን «ቡና ልጋብዝዎትና ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ» ትይዋለሽ። አባቱ ጠበቃ የሆነ ልጅ ይኼን ቡና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳሎኑ ውስጥ ሲጠጣ ነው ያደገው። እኔ ለዚያ ቡና 40 መልእክት ልኬ ሦስት ሰው መለሰልኝ። «እዚያም ሰው ያስፈልጋል እትዬ፣ ስሙን ነው የቀየሩት» አልኳት። ደስ አላት መሰለኝ።

በልጁ ነገር የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር ኢንተርቪው ላይ አጥብቀው የሚፈልጉት ነገር ኮሜርሻል አዌርነስ ነው። ነጋዴ እንዴት እንደሚያስብ፣ ገንዘብ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ማወቅ ማለት ነው። እኛ ተማሪዎቹ ይኼን ከጋዜጣ ነበር የምንሸመድደው። ይኼ ልጅ ግን አባቱ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ሰሊጡ ከመተማ ሲመጣ ማን ለማን እንዳበደረ፣ ደላላው የት ላይ እንደሚበላ፣ ምርት ገበያው መጋዘን ሲገባ ደረጃው ቢወርድ ኪሳራው በማን እንደሚሆን በቃሉ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ዋና ዋና ክፍሎቹ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክተዋል። አሁን አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋም ይችላል። «አባቴን የአንድ ሰው ማኅበር አቋቁም ብዬ ለምኜው ነበር» አለኝ። «ምን አሉ?» አልኩት። «ብቻዬን ምን ማኅበር አለ? ማኅበር የመድኃኔዓለም ነው አለኝ።» ሦስታችንም ሳቅን።

እኔም አንዴ ፎርም ላይ የሰሊጡን ነገር ጽፌ ነበር። ከ31ዱ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ያስጠራኝ እሱ ብቻ ነው። አንዱ ጠያቂ «የሰሊጧ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ያም ሆኖ ጣሉኝ።

ለንደን ላይ ዋናው በር ሲዘጋ የጎን በር አለ። ከ2021 ወዲህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሕጉ ተቀይሯል። ሶሊሲተር የሚባለው ጠበቃ ለመሆን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ከተለያዩ ቦታዎች፣ እስከ አራት ድርጅት ድረስ፣ ማጠራቀም ይቻላል። እኔም የሱቅ ኪራይ ውል በምትሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ የጠበቃ ረዳት ሆኜ ነው እሱን የማጠራቅመው። ማታ ማታ ለፈተናው አጠናለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ብቻ 360 የምርጫ ጥያቄ ነው። እዚህ አገር በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች ተሰብስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ የተፈቀደውም በዚያው 2013 ዓ.ም. ነው። እኔ ጎንደር ያየኋቸው ቢሮዎች ግን አሁንም አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊና አንድ አግዳሚ ወንበር ናቸው። አዲስ ተመራቂ አስገብቶ የሚያሠለጥን ቢፈልግ እንኳ የት ያስቀምጠዋል?

በማግስቱ አብሬው ወጣሁ። መጀመሪያ የገባነው ከአራት ወር በፊት ወረቀት ያስገባበት ቢሮ ነው። የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ አየችውና «አንተ ልጅ፣ ከጥምቀት በኋላ ና አላልኩህም?» አለችው።

እሱም ትህትናውን ሳይለቅ «እሺ እትዬ፣ ግን ካልሆነ አልሆነም ይበሉኝ፣ አልቀየምም» አላት።

ሴትዮዋ ዝም አለች። እኔን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቦታው በጥቅምት ተይዟል የኔ ልጅ። እንዳታዝን ብዬ ነው» አለችው።

እጅ ነሥቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመ። ያለቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ስልኩን አውጥቶ ከዝርዝሩ ላይ አንዱን ስም ሰረዘ። «አሥራ ስምንት ቀረኝ» አለ። ከዚያ ፒያሳ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ጠጣን። እኔ ከፈልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ በባጃጅ ነው። ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፣ ከቀሃ የሚመጣው ውኃ ገንዳውን እየሞላው ነው ይላሉ።

«ለእናትህ ምን እንበላት?» አልኩት።

«ለእሷማ ከጥምቀት በኋላ ነው የምነግራት» አለኝ።

በሩን ስንገባ አክስቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «እህ፣ ምን አሏችሁ?»

«እየጠበቀ ነው» አልኳት።